የብየዳ አርክ ጨረር እንዴት ሞዴል ይደረጋል? ከብየዳ ቤት በር ተነስተን

ልጅ ሆኜ ደብረ ብርሃን ወንድሜ ብየዳ ቤት በር ላይ ቆሜ አርኩን (በኤሌክትሮዱና በብረቱ መሀል የሚበራውን ብልጭታ) አይ ነበር፣ እሱ ማስኩን ሳያወልቅ «አትይ አልኩህ እኮ! ወዲያ ዙር!» ይለኛል፣ እኔ ዞር እልና መልሼ አያለሁ። ቀን ምንም አይለኝም። ማታ ነው ጉዱ፣ አይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ይመስለኛል፣ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ እናቴ ድንች በስሱ ቆርጣ አይኔ ላይ ታደርግልኝና እንደዛው ይነጋል። ወንድሜ ደግሞ እጅጌውን ሰብስቦ የሠራ ቀን ክንዱ ፀሐይ እንደመታው ሰው ይቀላል፣ ከዛ ይላጣል። ሁለታችንም አርኩን አልነካነውም፣ የመታን ከሩቅ የመጣ ጨረር ነው።

በኋላ ስለ አርክ ፕላዝማ (ከፊሉ አዮን ስለሆነው ትኩስ ጋዝ) ሞዴል መሥራት ስጀምር የያዘኝ ጥያቄ ይሄው ነው። ከአርኩ ስንት ጨረር ይወጣል፣ ስንቱ እዛው ተመልሶ ይዋጣል፣ ስንቱስ ክንድና አይን ጋ ይደርሳል? ብዙ ተማሪ የመጀመሪያዋን ብቻ ያሰላና ሦስቱንም የመለሰ ይመስለዋል። ይሄን የምጽፈው ለሜካኒካል፣ ለኤሌክትሪካልና ለፊዚክስ ልጆች ነው፣ ፓይተን ትንሽ ከቻላችሁ ይበቃል፣ ትልቅ ኮምፒውተርም አያስፈልግም እስከ ደረጃ 4 ድረስ። ምሳሌ የማደርገው የቲግ ብየዳን ነው (በማይቀልጥ የተንግስተን ኤሌክትሮድ በአርገን ጋዝ የሚበየደው)፣ ምክንያቱም አርገን ጋዝ ብቻ ስለሆነ ስሌቱ ከአየር ስሌት ይቀላል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ጉሙን ተረዱ

ጣርማበር ላይ ጠዋት በጉም የነዳ ሰው ይሄን ነገር ያለ ቀመር ያውቀዋል። ከፊት ያለው አይሱዙ የኋላ መብራት አስር ሜትር ላይ ደብዝዞ ይታያል፣ ትንሽ ሲርቅ የለም፣ መብራቱ ግን አልጠፋም፣ ጉሙ ነው የበላው። ብርሃን ሳይበላ በአማካይ የሚሄደው ርቀት 1 ሲካፈል ለመምጠጫ ኮኤፊሸንቱ (ጋዙ ብርሃኑን ምን ያህል በፍጥነት እንደሚበላ የሚለካው ቁጥር) ነው። ኮኤፊሸንቱ 10 በሜትር ከሆነ ርቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፣ 10,000 በሜትር ከሆነ የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ።

አርክ ውስጥ ልዩነቱ ምንድን ነው፣ ጉሙ ራሱ ያበራል፣ ደግሞም ለእያንዳንዱ የብርሃን ቀለም ጉምነቱ ሌላ ነው። ለአንዱ ቀለም አርኩ እንደ መስታወት ነው፣ ለሌላው እንደ ግድግዳ። የጨረር ማስተላለፍ ቀመሩ የሚለው ነገር ቢኖር ይቺን ብቻ ነው፦ ብርሃኑ በመንገዱ ላይ ከጋዙ የሚጨመርለት ሲቀነስ ጋዙ የሚመጥበት። ፕላዝማው ውስጥ በየቦታው ኤሌክትሮኑም አተሙም እኩል ሙቀት አላቸው ብለን ከተነሳን (ሎካል ቴርሞዳይናሚክ ኢኩሊብሪየም የሚሉት ነው፣ ለአርኩ መሀል ጥሩ ነው፣ ኤሌክትሮዱ አጠገብና ጠርዙ ላይ ግን ይላላል) የሚጨመረው መምጠጫ ኮኤፊሸንቱ ሲባዛ በፕላንክ ቀመር (ጥቁር አካል በየቀለሙ የሚለቀውን የሚሰጠው) ነው። ስለዚህ የሁሉም ነገር ቁልፍ መምጠጫ ኮኤፊሸንቱ ነው ማለት ነው፣ እሱ ከተሳሳተ ከዛ በኋላ ያለው ሶፍትዌር ምንም ያህል ውድ ቢሆን አያድነውም።

ለስሜቱ ያህል፣ 12,000 ኬልቪን ላይ ሙሉ ጥቁር አካል (የደረሰበትን ብርሃን ሁሉ የሚመጥ) ቢሆን ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1.18 ቢሊዮን ዋት ይለቃል፣ የጨረሩም ጫፍ 241 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው፣ ማለትም አልትራቫዮሌት ውስጥ። አርክ እንደዛ አይለቅም፣ አብዛኛው ስፔክትረሙ ላይ ብርሃን አሳላፊ ነውና፣ ግን ቁጥሩ ጣሪያ ነው። ከዚህ ጣሪያ በላይ የሄደ ውጤት ካያችሁ (ደረጃ 5 ላይ ከምናየው ከፒ-1 ትንሽ ማለፍ በቀር) ኮዳችሁ ውስጥ ስህተት አለ፣ አትከራከሩት።

ደረጃ 2፦ ግፊቱን የራሳችሁን አድርጉ

ይሄን ማንም አይነግራችሁም፣ እኔ ግን እዚህ አገር አርክ ለሚያሰላ ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን መነገር አለበት ባይ ነኝ። መጽሐፍ ላይ የምታገኙት የአርክ ጨረር ሰንጠረዥ አብዛኛው ለ1 አትሞስፌር ነው፣ የባህር ጠለል ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ግፊቷ ወደ 72 ኪሎ ፓስካል ነው፣ የባህር ጠለሉ 0.71 እጅ። በጣርማበር ወርዳችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ናችሁ፣ ግፊቱ 87 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ይሆናል። በአንድ ዞን ውስጥ፣ በሁለት ሰዓት መንገድ፣ ሁለት የተለያየ አርክ።

«አርገኑ እኮ ከሲሊንደር ነው የሚመጣው፣ ግፊቱ ብዙ ነው» የሚል ልጅ ገጥሞኛል። ሲሊንደሩ ውስጥ አዎ፣ ነገር ግን ከቶርቹ አፍ ከወጣ በኋላ የሚኖረው ግፊት የሰፈሩ አየር ግፊት ነው። ሲሙሌሽን ሶፍትዌር ስትከፍቱም የኦፕሬቲንግ ፕሬዠር ቦታው ላይ 101,325 ፓስካል ተጽፎ ይጠብቃችኋል፣ እሱን ወደ 72,000 ካልቀየራችሁት ደብረ ብርሃን ሳይሆን ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው የምትበይዱት።

ለጨረሩ ምን ያመጣል? ሙቀቱ ያው ሆኖ አዮን የሆነው ጥቂት ሲሆን ያልተከፈለው አተም ብዛት ከግፊቱ ጋር እኩል ይወርዳል፣ የኤሌክትሮን ብዛት ደግሞ በግፊቱ ካሬ ሩት ይወርዳል፣ የተከታታይ ስፔክትረሙ ጨረር ኤሌክትሮን ሲባዛ በአዮን ስለሆነ እሱም ከግፊቱ ጋር እኩል ይወርዳል ማለት ነው። እንግዲህ ለመጀመሪያ ግምት የ1 አትሞስፌሩን ሰንጠረዥ በ0.71 አባዙት። ከ15,000 ኬልቪን በላይ አዮኑ ሲበዛ ይሄ አይሠራም፣ ያኔ በሳሃ ቀመር (በየሙቀቱ ስንቱ አተም አዮን እንደሚሆን በሚሰጠው) ቅንብሩን እንደገና ማስላት ነው። 

ደረጃ 3፦ ኔት ኢሚሽን ኮኤፊሸንት

አሁን ሥራ ጀመርን። ኔት ኢሚሽን ኮኤፊሸንት እ.ኤ.አ. በ1974 ላውክ የተባለ ተመራማሪ፣ በ1976 ደግሞ ሊበርማንና ላውክ ያቀረቡት መላ ነው፣ እስካሁን ብዙ የአርክ ሞዴል እሱ ላይ ቆሟል። ሀሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ አይነት ሙቀት ያለው የፕላዝማ ኳስ አስቡ፣ መሀሉ ላይ ቆማችሁ ጋዙ የሚለቀውን ጨረር ቁጠሩ፣ ከዛ ላይ ከኳሱ ራሱ መጥቶ መሀሉ ላይ የሚዋጠውን ቀንሱ። በቀመር ሲሆን ለእያንዳንዱ የብርሃን ድግግሞሽ (ቀለም ማለት ነው) የሚለቀውን ጨረር ወስዳችሁ በኤክስፖኔንሻል ኔጌቲቭ መምጠጫ ኮኤፊሸንት ሲባዛ በራዲየስ ታባዙና ሁሉንም ትደምራላችሁ።

ራዲየሱን 1 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ሁለት ቀለም ሞክሩ። አንዱ ኮኤፊሸንቱ 10 በሜትር ነው፣ ማባዣው 0.99 ይሆናል፣ ሁሉም ወጣ ማለት ነው። ሌላው 10,000 በሜትር ነው፣ ማባዣው 0.000045፣ ምንም አልወጣም። ይቺን በእጃችሁ በካልኩሌተር ሥሯት፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ቀለም በአርገን እውነተኛ ነው፣ 104.8 እና 106.7 ናኖ ሜትር ላይ ያሉት ሬዞናንስ መስመሮች (ያልተነቃቃው አተም ራሱ መልሶ የሚመጣቸው) እንደዛ ናቸው፣ እጅግ ብዙ ይለቃሉ ግን ጥቂት ሳይሄዱ ይዋጣሉ። ራዲየስ ዜሮ ብላችሁ ካሰላችሁ እነሱም እንደወጡ ይቆጠራሉ፣ አርኩ በሐሰት ይቀዘቅዛል። የመጀመሪያ ሞዴሌ ላይ የሆነው ይሄ ነው፣ የራዲየስ ዜሮውን ዓምድ ነበር የገለበጥኩት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ መስመር በመስመር ኮድ ስፈትሽ ከርሜ ስህተቱ ኮዱ ውስጥ አልነበረም።

ራዲየሱን የምትመርጡት በትኩሱ መሀል ስፋት ነው፣ በብየዳ አርክ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር። ከዜሮ ወደ 1 ሲኬድ ውጤቱ በጣም ይወርዳል፣ ከ1 ወደ 5 ሲኬድ ግን ቀስ ብሎ ነው፣ ስለዚህ በትክክል 1.3 ነው 1.7 ነው ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፣ ዜሮ አለማድረግ ነው ዋናው።

ሰንጠረዡን ራሳችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ የመስመሮቹን ዳታ ከኒስት (የአሜሪካ የስታንዳርድ ተቋም) የአተም ስፔክትራ ዳታቤዝ በነፃ ታገኛላችሁ፣ የመስመር ስፋቱን (ስታርክ፣ ዶፕለር ምናምን) ትጨምሩበታላችሁ፣ ተከታታዩን ትደምራላችሁ። መስመሮቹ ቀጭን ስለሆኑ የድግግሞሽ ነጥቦቹ በመቶ ሺዎች መሆን አለባቸው፣ ሰፋ አድርጋችሁ ከወሰዳችሁ መስመሩን ዘላችሁት ትሄዳላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን የታተመ ሰንጠረዥ ውሰዱና እለፉ፣ ይሄ ብቻውን የወራት ሥራ ነው።

አንድ ነገር በቀይ ጻፉልኝ፦ ሰንጠረዡ በስቴራዲያን (ለአንድ የአቅጣጫ ስፋት ብቻ) ነው የሚሰጠው። የሙቀት ቀመሩ ውስጥ ስታስገቡት በ4 ፓይ ማባዛት አለባችሁ፣ 12.57 ማለት ነው። ሰንጠረዡ 200 ሚሊዮን ቢላችሁ የሚወጣው ሙቀት 2.5 ቢሊዮን ዋት በሜትር ኩብ ነው።

ደረጃ 4፦ ባለ አንድ ዳይሜንሽን አርክ

ረጅም ቱቦ መሀል የሚነድ አርክ ወስዳችሁ ከመሀል ወደ ግድግዳ ብቻ አስሉ። የኤለንባስና ሄለር ቀመር ነው፣ በአማርኛ ሲነገር፦ በኤሌክትሪክ የገባው ሙቀት = በጨረር የወጣው + በኮንዳክሽን ወደ ጎን የሄደው። የቱቦው ራዲየስ 5 ሚሊ ሜትር፣ ከረንት 100 አምፔር፣ የግድግዳው ሙቀት 500 ኬልቪን፣ ነጥቦቹ 200 ይሁኑ።

አሠራሩ ይሄው። የሙቀት መስመር ትገምታላችሁ (መሀል 12,000፣ ግድግዳ 500፣ በመሀል ለስላሳ መውረድ)። ከሰንጠረዥ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያውን፣ የሙቀት ማስተላለፊያውንና ኔት ኢሚሽኑን ለየነጥቡ ታነባላችሁ። የኤሌክትሪክ ፊልዱን ከረንቱን ለጠቅላላው ማስተላለፊያ በማካፈል ታገኛላችሁ፣ ከዛ ቀመሩን ትፈቱና አዲሱን ሙቀት ከአሮጌው ጋር ትቀላቅላላችሁ፣ አዲሱን 20 በመቶ ብቻ አድርጉ፣ ሙሉውን ካደረጋችሁ ይዘልና ይፈነዳል። ኔት ኢሚሽኑን በሎጋሪዝም ነው ኢንተርፖሌት የምታደርጉት፣ በ2,000 ኬልቪን ልዩነት አስር እጥፍ ሊቀየር የሚችል ነገር በቀጥታ መስመር ሲገናኝ መሀሉ ላይ በብዙ ያሳስታል። እና በየ50 ዙሩ ፋይል ላይ ሴቭ አድርጉ፣ መብራት ሲሄድ የላፕቶፑ ባትሪ የት እንደሚያደርሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ሲያልቅ ሒሳብ አወራርዱ። ፊልዱ ለምሳሌ 800 ቮልት በሜትር ከወጣ፣ በ100 አምፔር ሲባዛ ለእያንዳንዱ ሜትር 80,000 ዋት ገብቷል፣ በሳንቲ ሜትር 800 ዋት። በጨረር የወጣውን በሙሉ ደምሩ፣ ግድግዳው ላይ በኮንዳክሽን የደረሰውን ደምሩ፣ ድምሩ 800 ካልሆነ አላለቀም። 1 በመቶ ልዩነት እቀበላለሁ፣ 5 በመቶ አልቀበልም።

ይሄ እስኪሠራ ድረስ ወደ ባለ ሦስት ዳይሜንሽን አትሂዱ እባካችሁ።

ደረጃ 5፦ ጨረሩ የት ይሄዳል? ፒ-1 እና ባንዶች

ኔት ኢሚሽን ከአርኩ ስንት እንደወጣ ይነግራችኋል፣ የት እንደደረሰ ግን አይነግራችሁም። መሀሉ የለቀቀውን ጠርዙ ላይ ያለው ቀዝቃዛ ጋዝ ሲመጠው አያይም፣ ግድግዳ ላይ ያረፈውንም አያውቅም። የወንድሜ ክንድ ጥያቄ ደግሞ እሱ ነው።

ለዚህ በቂ የሆነው ፒ-1 የሚባለው ነው። ጨረሩን በየአቅጣጫው መከተል ትቶ በአንድ ነጥብ ላይ ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣውን ድምር ብቻ ይፈታል፣ እንደ ሙቀት ኮንዳክሽን ያለ ቀላል ቀመር ይሆናል። ኦፕንፎም የሚባለው የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ውስጥ በነፃ አለ፣ ባለ አንድ ዳይሜንሽኑን ግን በፓይተን በ60 መስመር ራሳችሁ ትጽፉታላችሁ።

ስፔክትረሙን ወደ ባንድ ክፈሉ። ለአርገን እኔ የምከፍለው እንዲህ ነው፣ ከ79 ናኖ ሜትር በታች (አተሙ ራሱ አዮን እየሆነ የሚመጥበት)፣ ከ79 እስከ 107 (ሬዞናንስ መስመሮቹ ያሉበት፣ እውነተኛው ጉም)፣ ከ107 እስከ 200፣ ከ200 እስከ 400፣ ከ400 እስከ 690፣ ከዛም ከ690 እስከ 970 ቀዩና ኢንፍራሬድ አካባቢ ያሉት ብርቱ መስመሮች፣ የቀረው አንድ ላይ። 200 እና 400 ላይ የቆረጥኩት ለፊዚክሱ ብዬ አይደለም፣ ከ200 በታች ያለው አብዛኛው መንገድ ላይ አየሩ ውስጥ ይቀራል፣ ከ200 እስከ 400 ያለው ግን አይንና ቆዳ ጋ ይደርሳል።

በየባንዱ ለኮኤፊሸንቱ አንድ አማካይ ያስፈልጋል፣ እዚህ ጋ ነው ክርክሩ። የፕላንክ አማካይ መስመሮቹን ሙሉ በሙሉ ይቆጥርና መምጠጡን ያጋንነዋል፣ የሮዝላንድ አማካይ ደግሞ በመስመሮቹ መሀል ያለውን ክፍት ቦታ ይከተልና ያሳንሰዋል። እኔ ለተከታታዩ ስፔክትረም ፕላንክን እወስዳለሁ፣ መስመሮቹን ግን በአርኩ ስፋት ልክ ገድቤ ነው የምጨምረው፣ ከአርኩ ሳይወጣ የተዋጠውን እንዳልቆጥር ብዬ። ልምድ የሚጠይቀው ቦታ ይሄ ነው፣ ሁለቱንም አማካይ ሞክራችሁ ልዩነቱን ሪፖርታችሁ ላይ አሳዩ።

ቀዝቃዛው ጋዝ ላይ ኮኤፊሸንቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ፒ-1 ለሱ ስለሚያካፍል ይፈነዳል፣ ዝቅተኛ ወለል ስጡት፣ 0.1 በሜትር፣ ከዛ 0.01 አድርጋችሁ ውጤቱ አለመቀየሩን እዩ።

ኮዱን ከማመናችሁ በፊት በእጅ የሚሰላ ነገር ስጡት። 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሙሉው 12,000 ኬልቪን የሆነ፣ በሁለት ቀዝቃዛ ጥቁር ግድግዳ መሀል ያለ ዝርግ ጋዝ፣ ኮኤፊሸንቱ ለሁሉም ቀለም አንድ። ኮኤፊሸንቱ 1 በሜትር ሲሆን በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ 23.5 ሚሊዮን ዋት በካሬ ሜትር አካባቢ መውጣት አለበት፣ 1,000 በሜትር ሲሆን ትክክለኛው መልስ ወደ 1.18 ቢሊዮን ነው፣ ፒ-1 ግን 1.26 ቢሊዮን ይላችኋል። 7 በመቶ አልፏል፣ ኮዳችሁ ተሳስቶ አይደለም፣ የፒ-1 የራሱ ተፈጥሮ ነው። 1.18 በትክክል ቢሰጣችሁ ነው መጠርጠር ያለባችሁ። የተሻለ ከፈለጋችሁ ዲስክሪት ኦርዲኔትስ አለ፣ አቅጣጫዎችን አንድ በአንድ ይከተላል፣ ጊዜ ይበላል፣ አቅጣጫው ሲያንስ ደግሞ ግድግዳው ላይ የውሸት ጨረር መስመሮች ያሳያል።

ደረጃ 6፦ የብረት እንፋሎት

በቲግ አርገን ብቻ ብለን ሠራን፣ ወንድሜ ግን አብዛኛውን ቀን በኤሌክትሮድ ነው የሚበይደው፣ እዛ አርኩ ውስጥ የብረት እንፋሎት ሞልቷል። ብረት በቀላሉ አዮን ይሆናል፣ መስመሮቹም እጅግ ብዙ ናቸው፣ ጥቂት በመቶ ብቻ ሲገባ በተለይ ከ10,000 ኬልቪን በታች ጨረሩ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በሚግ ብየዳ (ሽቦው ራሱ እየቀለጠ የሚበየድበት) የአርኩ መሀል ከዙሪያው ቀዝቅዞ የተለካውም በዚህ ነው፣ እንፋሎቱ ያለው መሀል ላይ ነውና ሙቀቱን በጨረር ያወጣዋል። ሰንጠረዣችሁ የብረት መጠን የሚል ሌላ ዓምድ ያስፈልገዋል፣ የአርገንን ሰንጠረዥ ለኤሌክትሮድ ብየዳ አትጠቀሙ።

ደረጃ 7፦ እስከ ክንዱ ድረስ

ከደረጃ 5 የወጣውን ወደ ሰው እንውሰደው። ለምሳሌ አርኩ 150 አምፔር በ12 ቮልት ነው እንበል፣ 1,800 ዋት። ሞዴላችሁ 15 በመቶው በጨረር ወጣ ካለ 270 ዋት ነው። ግማሽ ሜትር ላይ ያለ ክንድ የሚያገኘው 270ን ግማሽ ሜትር ራዲየስ ላለው ኳስ ገጽ ስፋት አካፍለን 86 ዋት በካሬ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ለአይንና ለቆዳ ባለው ጉዳት ተመዝኖ የሚቆጠረው አልትራቫዮሌት 1 በመቶ ነው ብንል 0.86 ዋት። ዓለም አቀፉ አዮን የማያደርግ ጨረር ጥበቃ ኮሚሽን (ICNIRP) የሚፈቅደው በ8 ሰዓት የሥራ ቀን 30 ጁል በካሬ ሜትር ነው፣ 30ን ለ0.86 ስናካፍል 35 ሰከንድ፣ የቀኑ ድርሻ በዛ ያልቃል ማለት ነው።

በር ላይ 5 ሜትር ርቆ የቆመ ልጅ መቶ እጥፍ ያነሰ ነው የሚደርሰው፣ 58 ደቂቃ ይሆናል። እኔ ደግሞ ከሰዓት ሙሉ እቆም ነበር።

15 በመቶውና 1 በመቶው ለመለማመጃ የወሰድኳቸው ናቸው፣ ሁለቱንም ከራሳችሁ ሞዴል በባንድ በባንድ አውጥታችሁ ተኩባቸው፣ ግፊቱን 72 ኪሎ ፓስካል አድርጋችሁ። ለወንድሜ ይሄን ሳሳየው ወረቀቱን አልያዘም፣ ጠመኔ አነሳና በሩ ጀርባ ላይ «35 ሰከንድ» ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩ ደግሞ ለተለማማጁ ልጅ «እጅጌ አውርድ»።